የ1381 የእንግሊዝ ገበሬዎች አመፅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለን ንጉሥ፣ ግንብና ፈረሰኛ ነው። ከግንቡ ሥር ያለውን ማሳ የሚያርሰው ሰው ይረሳል። ይህ ገጽ ስለ እሱ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን አገሩ እንዴት እንደተናወጠ፣ እሱም በ1381 ለምን ለንደን ድረስ እንደዘመተ የሚጠየቁ ጥያቄዎችን ሰብስቤያለሁ። ዓመቶቹም ቀኖቹም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአመፁ በፊት እንግሊዝ ምን ዓይነት አገር ነበረች?

በ1300 ገደማ ሰው በዝቶባት መሬት ያጠረባት አገር ነበረች። ብዙው ቤተሰብ በቁራሽ መሬት ላይ ከእጅ ወደ አፍ ይኖራል። መሬት ፈላጊው ብዙ ስለሆነ ባላባቱ ያሻውን ኪራይ ይጠይቃል። ከ1315 እስከ 1317 ደግሞ ዝናቡ አላባራ አለ። እህሉ ማሳው ላይ በሰበሰ። ሰሜን አውሮፓ በሙሉ ተራበ። በ1337 ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ተጀመረ፤ እየቆመ እየቀጠለ እስከ 1453 ዘለቀ። የጦርነቱ ወጪ ከማን ኪስ እንደወጣ ወደ ታች እንደርስበታለን።

ሰርፍ ማለት ጭሰኛ ማለት ነው?

ይቀራረባሉ፤ አንድ ግን አይደሉም። ጭሰኛ የሰው መሬት አርሶ ከምርቱ ያካፍላል። የእንግሊዝ ሰርፍ ግን ራሱም በሕግ የባላባቱ ነው። ያለ ፈቃድ ከመንደሩ አይወጣም። በብዙ ቦታ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን የባላባቱን ሁዳድ ያርሳል። (ሁዳድ የሚለውን ቃል የተጠቀምኩት አስቤበት ነው፤ ለዚህ ነገር ከእሱ የተሻለ ቃል የለንም።) ልጁን ሲድር ይከፍላል። አባወራው ሲሞት ባላባቱ ከበረቱ ምርጡን ከብት ይወስዳል። ሚስቲቱ የባሏ አፈር ሳይደርቅ በሬዋ ሲነዳ ቆማ ታያለች።

እህሉንም የሚያስፈጨው በባላባቱ ወፍጮ ነው። ለዚያም ይቆረጥበታል። ስለ መሬቱ ቅሬታ ካለው አቤት የሚለው በዚያው በባላባቱ ችሎት ነው፤ የንጉሡ ፍርድ ቤት ‘ይሄ ያንተ ጌታ ጉዳይ ነው’ ብሎ ይመልሰዋል። ችሎቱ ያለውን ሁሉ አንድ ጸሐፊ በላቲን ብራና ላይ ይጽፋል። ማን ሰርፍ እንደሆነ፣ ማን ምን ያህል ቀን እንደሚሠራ፣ ማን ምን እንደተቀጣ። ይህን ብራና በልቡናችሁ ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ሁሉም ገበሬ ሰርፍ እንዳልነበረ ማወቅም ይጠቅማል። ለምሳሌ በኬንት አውራጃ በአካባቢው ልማድ ሰርፍነት አልነበረም። የሚገርመው ግን በ1381 ከቀደሙት አማፅያን መካከል ኬንቶች ይገኙበታል።

ጥቁሩ ሞት ምን ለወጠ?

ሁሉንም። ቸነፈሩ በ1347 መኸር ሲሲሊ ደረሰ። በ1348 በጋ በመርከብ ተጭኖ የእንግሊዝን ደቡብ ጠረፍ ረገጠ። በዓመት ተኩል ጊዜ ውስጥ ከሕዝቡ ሲሶውን ገደለ የሚሉ አሉ፤ ግማሽ ያህሉን ነው የሚሉም አሉ። በ1361 ተመልሶ መጣ። በዚያኛው ዙር ሕፃናትን አብዝቶ ስለወሰደ የልጆች ቸነፈር ተባለ። እንደገና በ1369፣ እንደገና በ1375። አንድ ትውልድ ሙሉ ቀባሪ ሆነ።

ከዚያ የተረፈው ሰው ዙሪያውን ሲያይ ዓለም ተገልብጣለች። ትናንት መሬት አጥቶ ይለምን የነበረው የሟች ዘመዱን ማሳ ወርሷል። ትናንት ‘ሥራ ስጡኝ’ ይል የነበረው ዛሬ ‘ስንት ትከፍላለህ?’ ይላል። አጫጅ ጠፍቶ እህል ማሳ ላይ ቀረ። እረኛ ጠፍቶ በጎች እንደ ልባቸው ተበተኑ። ጉልበት ተወደደ።

ለውጡን በምግብም ማየት ይቻላል። ኖርፎክ ውስጥ ሴጅፎርድ በሚባል ቦታ ለአጫጆች የቀረበ ምግብ የተጻፈበት መዝገብ ተርፏል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የሚበሉት በአብዛኛው የገብስ ዳቦ ነው፤ ሥጋ ብርቅ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የስንዴ ዳቦ፣ ሥጋና በርከት ያለ ቢራ ይቀርብላቸዋል። ይህ የታላላቅ ሰዎች ግብዣ አይደለም። ፀሐይ ላይ ውሎ ማጭድ ለያዘ ሰው የቀረበ ምሳ ነው። እኔ ስለዚያ ዘመን ካነበብኩት ሁሉ ልቤን የነካኝ ይሄ ነው።

ኑሮ ከተሻሻለ ታዲያ ለምን አመፁ?

በጣም የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። መልሱም የታሪኩ ሁሉ ቁልፍ ይመስለኛል። ሰው የሚያምፀው ሲርበው ነው ብለን እናስባለን። በ1315 ረሃብ ግን እንግሊዝ እንዲህ አልተነሳችም። የተነሳችው ገበሬው ቀና ማለት ሲጀምር፣ ከላይ ደግሞ አንገቱን የሚጫን እጅ ሲመጣበት ነው።

እጁ ሕግ ነበር። ቸነፈሩ ገና ሳይለቅ በ1349 አዋጅ ወጣ፤ በ1351 ፓርላማው አጠናከረው። ማንኛውም ሠራተኛ ከቸነፈሩ በፊት በነበረው ዋጋ ይሥራ ይላል። አናጢ ይህን ያህል፣ አጫጅ ይህን ያህል ተብሎ በፔኒ ተቆረጠ። መሬትም የራሱ ሥራም የሌለው፣ ከ60 ዓመት በታች የሆነ ጤነኛ ሰው ሥራ ከቀረበለት እምቢ ማለት አይችልም። ጥሎ የሄደ ይታሰራል። በየመንደሩ እግር መጠረቂያ ግንድ እንዲዘጋጅ ታዘዘ።

ባላባቶቹ ራሳቸው ሕጉን በጓዳ ይጥሱት ነበር። እህሉ ሊረግፍበት የደረሰ ሰው የጎረቤቱን ሠራተኛ በጭማሪ ያባብላል። ሲከሰስ ግን ብዙውን ጊዜ የሚቀጣው የተቀበለው ነው።

በ1363 ደግሞ ስለ ልብስና ስለ ምግብ ሕግ ወጣ። አራሹና እረኛው ወፍራም ርካሽ ጨርቅ ብቻ ይልበስ። አገልጋይ ሥጋ ወይም ዓሣ በቀን አንዴ ብቻ ይብላ። አስቡት፤ ፓርላማ ተሰብስቦ የእረኛን ሳህን ሲመረምር! ሕጉ ብዙም ሳይቆይ ተሻረ። ስሜቱ ግን አልተሻረም። ከላይ ያሉት ሰዎች የገበሬውን ኑሮ መሻሻል እንደ ድፍረት ያዩት እንደነበር ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

የነፍስ ወከፍ ግብሩ እንዴት ነበር?

ጦርነቱ ከሽፎ ነበር። በ1377 ፈረንሳዮች ባሕር ተሻግረው ራይ የምትባለውን የወደብ ከተማ አቃጠሉ። በዚያው ዓመት አሮጌው ንጉሥ ሦስተኛው ኤድዋርድ ሞተና የ10 ዓመት የልጅ ልጁ ሁለተኛው ሪቻርድ ነገሠ። ግምጃ ቤቱ ባዶ ነው።

በ1377 ከ14 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሁሉ 4 ፔኒ እንዲከፍል ተደረገ። በ1379 እንደ ማዕረግ ተከፋፈለ። በ1380 መጨረሻ ኖርዝአምፕተን ላይ የተሰበሰበው ፓርላማ ግን በነፍስ ወከፍ 12 ፔኒ ወሰነ። የመጀመሪያው ሦስት እጥፍ ነው። ሀብታሙ ድሃውን ይደጉም የሚል ቃል ገብቶበታል። ሀብታም በሌለበት መንደር ማን ማንን ይደጉማል? ለቀን ሠራተኛ የበርካታ ቀን ድካሙ ነው። ሚስትም ትቆጠራለች። ለአካለ መጠን የደረሰች ልጅም ትቆጠራለች።

ሰው ከመዝገብ ጠፋ። በ1377 ከ1.35 ሚሊዮን በላይ ግብር ከፋይ ተቆጥሮ ነበር። በ1381 ወደ 900 ሺህ ወረደ። ሌላ ቸነፈር አልመጣም። መንደሩ ነው አፉን የዘጋው። በተለይ ያላገቡ ሴቶችና መበለቶች ከዝርዝሩ ወጡ። መንግሥት ደግሞ ‘አጭበርብራችኋል’ ብሎ መርማሪ ላከ።

አመፁ የት ተጀመረ? ማንስ መራው?

ግንቦት 30 ቀን 1381፣ ኤሴክስ ውስጥ ብሬንትዉድ በምትባል ከተማ። ጆን ባምተን የሚባል ሹም ግብሩን ሊመረምር ተቀምጧል። ፎቢንግ ከምትባል መንደር የመጡ ሰዎች ‘ከፍለናል፣ ደረሰኝ አለን፣ ሌላ አንከፍልም’ አሉት። ሊያስራቸው ሲል አባረሩት። ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ሄደ። በሰኔ መጀመሪያ ኬንትም ተነሳ። ሜድስቶን ላይ ዋት ታይለር መሪ ሆነ። ከዚያ በፊት ስለነበረው ሕይወቱ እርግጠኛ ሆኖ የሚናገር የለም። በታሪክ ላይ የታየው ዘጠኝ ቀን ለማይሞላ ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ሰው ጆን ቦል ነው። ቄስ ነው፤ ግን ደብር የለውም። ቤተ ክርስቲያን አውግዛዋለች፣ ደጋግማም አስራዋለች። ከቅዳሴ ወጥተው ወደ ቤታቸው ለሚሄዱ ሰዎች መንገድ ላይ ይሰብክ ነበር። አማፅያኑ ከእስር አስፈቱት። ለንደን አጠገብ ብላክሂዝ በሚባል ሜዳ ላይ ሰበከላቸው። መነሻ ያደረገው የዘመኑን አባባል ነው፦ ‘አዳም ሲቆፍር፣ ሔዋን ስትፈትል፣ ጌታ የሚባለው ያኔ ማን ነበር?’ በአማርኛ እንኳ እንዴት እንደሚገጥም አያችሁ? ለሚቆፍርና ለሚፈትል ሕዝብ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

ለንደን ውስጥ ምን ሆነ?

ሐሙስ ሰኔ 13 ከተማዋ ውስጥ ያሉ ደጋፊዎች ድልድዩን ከፈቱላቸውና ገቡ። በዚያው ቀን የንጉሡ አጎት ጆን ኦፍ ጎንት ቤተ መንግሥት ወደሆነው ሳቮይ ሄዱ። ሕዝቡ የሚጠላው ሰው ነበር። እሱ ግን ስኮትላንድ ድንበር ላይ ስለነበር ተረፈ። ቤቱ ነደደ። የሚደንቀው፣ መዝረፍ ተከልክሎ ነበር። ወርቁና ብሩ ተሰባብሮ ወንዝ ውስጥ ተጣለ። ዕቃ ሲደብቅ የተያዘ አንድ ሰው እሳቱ ውስጥ መጣሉን የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል።

አርብ ንጉሡ ማይል ኤንድ ወጥቶ አነጋገራቸው። ዕድሜው 14 ነው። ሰርፍነት እንዲቀር፣ የመሬት ኪራይ በኤከር 4 ፔኒ እንዲሆን ጠየቁት። እሺ አለ። 30 ጸሐፊዎች ተቀምጠው የነፃነት ደብዳቤ መጻፍ ጀመሩ። በዚያው ሰዓት ሌሎቹ የለንደን ግንብ ገብተው የካንተርበሪውን ሊቀ ጳጳስና የመንግሥቱን ቻንስለር ሳይመን ሰድበሪን፣ እንዲሁም የግምጃ ቤቱን ኃላፊ ሮበርት ሄልስን አውጥተው አንገታቸውን ቀሉ።

የዚያን ቀን ሌላም ነገር ተደርጓል፤ መደበቅ የለበትም። ከፍላንደርስ የመጡ ሸማኔዎችና ነጋዴዎች በየመንገዱ ታረዱ። ቤተ ክርስቲያን ተደብቀው የነበሩት 35 ያህል ሰዎች ተጎትተው ወጥተው ተገደሉ። እነዚህ ሰዎች ግብሩን አላወጡትም። ጥፋታቸው መጤ መሆናቸው ነው። አመፁን የምንወድ ሰዎች ይህን ስንዘለው በሟቾቹ ላይ ሁለተኛ በደል እንፈጽማለን።

ቅዳሜ ሰኔ 15 ስሚዝፊልድ ላይ ታይለርና ንጉሡ ተገናኙ። ታይለር ንጉሡን ‘ወንድሜ’ ብሎ ጨበጠው። ከንጉሡ በቀር ጌታ አይኑር፣ የቤተ ክርስቲያን መሬት ለሕዝብ ይከፋፈል አለ። ከዚያ ጠብ ተነሳ። የለንደን ከንቲባ ዊልያም ዋልዎርዝ በሰይፍ መታው፤ ሌላም ሰው ጨመረበት። አማፅያኑ ቀስት ሲስቡ ልጁ ንጉሥ ብቻውን ወደ እነሱ ጋለበ። መሪያችሁ እኔ ነኝ፣ ተከተሉኝ አላቸው። ተከተሉት። ንጉሡን ያምኑት ነበርና። ጠላታችን በዙሪያው ያሉት መካሪዎች ናቸው ብለው ነበር የመጡት።

መዝገብ ለምን አቃጠሉ?

አሁን ወደ ብራናው እንመለስ። በኤሴክስ፣ በኬንት፣ በሄርትፎርድሺር፣ በኖርፎክ አማፅያኑ የደረሱበት ባላባት ቤት ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት የችሎቱን መዝገብ ነው። አደባባይ ላይ ያነዱታል። ከዘመኑ ጸሐፊዎች አንዳንዶቹ ይህን የመሃይም ቁጣ አድርገው አቀረቡት። እኔ ተቃራኒው ይታየኛል። እስራታቸው የት እንደተጻፈ በትክክል የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። የማይጎዳቸውን ወረቀት ትተው የሚጎዳቸውን መርጠው ያቃጠሉባቸው ቦታዎችም አሉ።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ የሴንት ኦልባንስ ታሪክ ነው። ከተማይቱ የአንድ ትልቅ ገዳም ርስት ናት። ሕዝቡ እህሉን በገዳሙ ወፍጮ እንዲያስፈጭ ይገደድ ነበር። ከ50 ዓመት ገደማ በፊት የነበረ አበምኔት የየቤቱን የእጅ ወፍጮ አስለቅሞ ድንጋዩን የገዳሙ እንግዳ መቀበያ ክፍል ወለል ላይ አስነጠፈው። ሰው ጉዳይ ሊያስፈጽም ሲገባ የአያቱን ወፍጮ ረግጦ ያልፋል። በ1381 ዊልያም ግሪንድኮብ በሚባል ሰው የተመሩ የከተማው ሰዎች ገብተው ወለሉን ቆፈሩ። ድንጋዮቹን አወጡ፣ ሰባበሩ። ቁርጥራጩን እሑድ በቤተ ክርስቲያን እንደሚታደል የተባረከ ዳቦ ለእያንዳንዱ ሰው አደሉ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ አልረሱም!

ሴቶች ተሳትፈዋል?

አዎ። ጆሃና ፌሩር የምትባል ሴት የሳቮይን ቤተ መንግሥት ካቃጠሉት መሪዎች አንዷ ተብላ በፍርድ ቤት መዝገብ ስሟ ተጽፏል። ካምብሪጅ ላይ የዩኒቨርሲቲው ሰነዶች ሲነዱ ማርጀሪ ስታር የተባለች አሮጊት አመዱን ለነፋስ እየበተነች ትጮህ ነበር ይባላል።

ንጉሡ ቃሉን ጠበቀ?

አልጠበቀም። የነፃነት ደብዳቤዎቹ ሰኔ ላይ ተጽፈው ሐምሌ 2 ቀን ተሻሩ። የኤሴክስ ሰዎች ቃሉን ሊያስታውሱት ሲመጡ ‘ሰርፍ ነበራችሁ፣ አሁንም ናችሁ’ ብሎ እንደመለሰላቸው አንድ የገዳም ታሪክ ጸሐፊ ያወሳል። ጆን ቦል ሐምሌ 15 ሴንት ኦልባንስ ላይ ንጉሡ ባለበት በጭካኔ ተገደለ። ግሪንድኮብም ተሰቀለ።

ታዲያ አመፁ ከሸፈ ማለት ነው?

ሐምሌ 1381 ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው አዎ። መቶ ዓመት ቆይቶ ለሚያይ ግን ሰርፍነት ከእንግሊዝ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ማንም አልሰረዘውም። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን እንዲህ ያለ የነፍስ ወከፍ ግብር የሚሞክር መንግሥት አልተገኘም። ቸነፈሩም እየተመላለሰ የሰው ቁጥር እንዳያንሠራራ አደረገ። እጅ ጠፍቷል። ገበሬው ሌሊት ዕቃውን ጠቅልሎ ሌላ ባላባት ዘንድ ይሄዳል። ያኛው ባላባት ከየት መጣህ ብሎ አይጠይቅም፤ ማሳው ጦም አድሯልና። የቀሩትን ለማቆየት የሁዳድ ሥራው በገንዘብ ኪራይ ተለወጠ።

ከዚህ ውስጥ ኮፒሆልድ የሚባል የይዞታ ዓይነት ወጣ። ስሙ ሁሉን ይናገራል። ገበሬው በችሎቱ መዝገብ ላይ ስለ መሬቱ የተጻፈው ተገልብጦ ቅጂው በእጁ ይሰጠዋል። አያቱ ያቃጠለውን ብራና የልጅ ልጁ ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ያስቀምጠዋል፤ አሁን የመሬቱ ማስረጃ ነው። በ1574 ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ በዘውዱ ርስቶች ላይ የቀሩትን ጥቂት ሰርፎች በክፍያ ነፃ እንዲወጡ አዘዘች። የንጉሥ ፊርማ የደረሰው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

ሁሉም ግን አላማረለትም። ብዙ ባላባት እርሻውን ትቶ በግ ማርባት ጀመረ። በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን ለበጉ ሲባል የተፈናቀለ መንደር ብዙ ነው።

በሌላው አውሮፓስ?

ፈረንሳይ ውስጥ በ1358 ከፓሪስ ሰሜን የተነሳው የገበሬዎች አመፅ በሳምንታት ውስጥ በደም ታፈነ። ፍሎረንስ ላይ በ1378 የሱፍ ሠራተኞች ተነስተው ለአጭር ጊዜ የከተማዋን ሥልጣን ተካፈሉ። ካታሎኒያ የተለየች ናት፤ ገበሬዎቿ ለአሥርት ዓመታት ታግለው በ1486 በንጉሥ ፈርናንዶ ውሳኔ ከከባዱ ግዴታ በካሣ ነፃ ወጡ። ምሥራቁ ደግሞ በተቃራኒው ሄደ። በ1496 ፖላንድ ገበሬው ከመንደሩ እንዳይወጣ የሚያጠብቅ ሕግ አወጣች። እዚያም ሰው አንሷል፤ ባላባቱ ግን በርትቷል፣ የሚሸሹበት ከተማም ጥቂት ነው። ስለዚህ ሰው ማነሱ ብቻውን ነፃ አያወጣም።

በዚያ ዘመን ኢትዮጵያና አውሮፓ ይተዋወቁ ነበር?

መተዋወቅ እየጀመሩ ነበር። በ1402 የአፄ ዳዊት መልእክተኞች ቬኒስ ደርሰዋል። በ1441 ደግሞ ከኢየሩሳሌም ገዳም የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ፍሎረንስ ጉባኤ ላይ ቀርበዋል። አውሮፓውያኑ ንጉሣቸውን በተረቱ ስም ቄስ ዮሐንስ እያሉ ሲጠሩት፣ የንጉሣችን ስም ዘርዐ ያዕቆብ ነው ብለው አርመዋቸዋል።

ዛሬ ሄጄ ማየት የምችለው ነገር አለ?

አለ። ለንደን የምትኖሩ ብላክሂዝ ሜዳ ላይ መንሸራሸር ትችላላችሁ። ሳቮይ ሆቴል የቆመው በተቃጠለው ቤተ መንግሥት ቦታ ላይ ነው። የሊቀ ጳጳስ ሰድበሪ የራስ ቅል በትውልድ ከተማው ሰድበሪ፣ በቅዱስ ጎርጎርዮስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። እኔ ግን ለለንደን ጎብኚ ሁሉ ኪው የሚገኘውን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት እመክራለሁ። የዚያ የተጠላው ግብር ዝርዝር በከፊል እዚያ ተርፏል። ገበሬው፣ ሸማኔው፣ እረኛው፣ የቤት ሠራተኛዋ ስም በስም ተጽፈዋል፤ ከስማቸው ጎን የከፈሉት ፔኒ።